ከፊልሙ ጋር የሚመጣው፦ የፊልም ዲስክ በጁባ

የፊልም ዲስክ ከፊልሙ ሌላ ብዙ ነገር ሊይዝ ይችላል። የዳይሬክተሩ አስተያየት፣ በአርትኦት ጊዜ ተቆርጠው የቀሩ ትዕይንቶች፣ ከመጋረጃ ጀርባ የተቀረጸ ሥራ፣ በየቋንቋው የሚመረጥ የግርጌ ጽሑፍ ከነዚህ ዋነኞቹ ናቸው። በአሜሪካና በአውሮፓ ገዢ አንዱን እትም ከሌላው የሚያማርጠው በአብዛኛው በእነዚህ ተጨማሪዎች ነው። በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ የዲስክ ንግድ የተስፋፋው ከ2005 በኋላ ነው (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እዚያ ዲስኩን ያሸጡት ግን ሌሎች ተጨማሪዎች ነበሩ፦ ታሪኩን በሚገባ ቋንቋ የሚተርክ ድምፅ፣ ሥዕሉ ላይ የታተመ ጽሑፍ፣ በአንድ ዲስክ የታጨቁ ብዙ ፊልሞች። ለዚህ የተመልካቹ ምርጫ ብቻውን ምክንያት አይሆንም። ፊልሙ ወደ ከተማዋ የገባበት መንገድና የተቀዳበት ዘዴም ወስነውታል። ከፊልሙ ጋር የተዋሐደ ተጨማሪ ከእጅ ወደ እጅ ሲቀዳ አብሮ ተጓዘ፤ ከፊልሙ ጎን ለብቻው የተቀመጠው በየመንገዱ ተራገፈ።

ተጨማሪው የተወለደው ከትርፍ ቦታ ነው። በ1978 መጨረሻ በአሜሪካ ለገበያ የቀረበው ሌዘርዲስክ ስፋቱ የሙዚቃ ሸክላ የሚያህል ሲሆን፣ ከአንድ በላይ የድምፅ መስመር ነበረው። ክራይቴሪየን የተባለው አሳታሚ በ1984 «ኪንግ ኮንግ»ን ሲያወጣ ትርፉን መስመር ለሮናልድ ሄቨር ሰጠው። ሄቨር በሎስ አንጀለስ ካውንቲ የሥነ ጥበብ ሙዚየም የፊልም ክፍል ኃላፊ ነበር። ፊልሙ ሲታይ እሱ ጎን ለጎን እየተናገረ፣ ትዕይንቱ እንዴት እንደተቀረጸና ግዙፉ ጎሪላ እንዴት እንደተንቀሳቀሰ ይተርካል። ተመልካቹ ሲፈልግ የፊልሙን ድምፅ፣ ሲፈልግ የሄቨርን ይመርጣል። ከዚያ ወዲህ የመጣው የዳይሬክተር አስተያየት ሁሉ የዚህ ሥራ ልጅ ነው።

በኅዳር 1996 ጃፓን ውስጥ መሸጥ የጀመረው ዲቪዲ ትርፉን ቦታ አበዛው። ባለ አንድ ንብርብሩ ዲስክ 4.7 ጊጋባይት ይይዛል፤ እስከ 8 የድምፅ መስመርና እስከ 32 የግርጌ ጽሑፍም ይችላል። ለአማርኛ ተመልካች ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ የግርጌ ጽሑፉ አቀማመጥ ነው። ዲቪዲ ላይ ጽሑፉ የሚቀመጠው ፊደል በፊደል ሳይሆን እንደ ትንሽ ሥዕል ነው። በመሆኑም ማጫወቻው የግዕዝ ፊደል ባያውቅም «ሀ»ም ሆነ «ኋ» ሳይበላሽ ስክሪኑ ላይ ይወጣል። በኋላ በኮምፒዩተርና በርካሽ ማጫወቻ የተለመደው በፋይል የሚቀመጥ የግርጌ ጽሑፍ ግን ፊደሉ ካልተጫነለት ባዶ ሳጥኖች ብቻ ይደረድራል። አሮጌው ዲስክ እዚህ ላይ ከተከተለው ይሻል ነበር፤ ይህን ዕድል የተጠቀሙበት የአማርኛ ፊልሞች ጥቂት መሆናቸው ያስቆጫል።

ወደ አፍሪካ ገበያዎች አስቀድሞ የገባው ዲቪዲ አልነበረም። ፊሊፕስ፣ ሶኒ፣ ማትሱሺታና ጄቪሲ በ1993 ያወጡት ቪሲዲ ነበር። ይህ ተራ ሲዲ ላይ የተጨመቀ ሥዕል ሲሆን ጥራቱ ከቪዲዮ ካሴት ብዙም አይርቅም። አንዱ ዲስክ 74 ደቂቃ ያህል ስለሚይዝ ረጅም ፊልም ሁለት ዲስክ ይጠይቃል፤ መሃል ላይ ተነሥቶ ሁለተኛውን ማስገባት ግድ ነው። ለተጨማሪ የሚሆን ትርፍ ቦታ አልነበረውም ማለት ይቻላል። ያለው አንድ ነገር የግራና የቀኝ ድምፅ ነበር። በሆንግ ኮንግ አሳታሚዎች በአንዱ ወገን ካንቶንኛ፣ በሌላው ማንዳሪን አስቀምጠው ተመልካቹ በሪሞት እንዲመርጥ አደረጉ። የናይጄሪያ ፊልም ነጋዴዎች ደግሞ ከ1992ቱ «ሊቪንግ ኢን ቦንዴጅ» ጀምሮ በካሴት የለመዱትን «ክፍል አንድ፣ ክፍል ሁለት» አከፋፈል ይዘው ወደ ቪሲዲ ተሻገሩ። ሁለት ዲስክ መሆኑ ለእነሱ ጉዳት ሳይሆን ሁለት ጊዜ መሸጫ ሆነላቸው።

በእነዚያ ዓመታት ጁባ ከዚህ ሁሉ ተነጥላ ነበር። በ1983 የተቀሰቀሰው የእርስ በርስ ጦርነት ከተማዋን የመንግሥት ጦር ሰፈር አድርጓት፣ በዙሪያዋ ያሉት መንገዶች ተዘግተው ወይም በፈንጂ ታጥረው ኖሩ። ዕቃ የሚገባው ከካርቱም በአውሮፕላን ወይም በነጭ አባይ በጀልባ ነበር። ጥር 9 ቀን 2005 ናይሮቢ ላይ የተፈረመው የሰላም ስምምነት ይህን ለወጠው። ከኡጋንዳና ከኬንያ የጭነት መኪናዎች መጉረፍ ጀመሩ። በ2012 ከኒሙሌ የድንበር ከተማ እስከ ጁባ 192 ኪሎ ሜትር አስፋልት ሲጠናቀቅ የካምፓላ ዕቃ ይበልጥ ቀረበ። በኮኞ ኮኞና በከስተም ገበያዎች ኡጋንዳውያን፣ ኬንያውያን፣ ሶማሌዎች፣ ዳርፉሮች፣ ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን ጎን ለጎን ነገዱ። ኢትዮጵያውያኑና ኤርትራውያኑ በተለይ በሆቴል፣ በምግብ ቤትና በውኃ ቦቴ ሥራ ታወቁ።

ለፊልም ታሪክ ከነጋዴዎቹ ያላነሱት ተመላሾቹ ናቸው። በጦርነቱ ዘመን ወደ ካርቱም የሸሹት አረብኛ ለምደው፣ የግብፅና የህንድ ፊልም በአረብኛ የግርጌ ጽሑፍ እያዩ አደጉ። በሰሜን ኬንያው የካኩማ መጠለያ የኖሩት ስዋሂሊና እንግሊዝኛ ይዘው መጡ። ካኩማ፣ ፊልምኤድ የተባለው ድርጅት ከ2001 ጀምሮ በሜዳ ላይ ፊልም ያሳይበት የነበረ ቦታ ነው። በኡጋንዳ የነበሩት ሉጋንዳ ወይም ሉኦ ይሰማሉ። በጋምቤላ በኢታንግ፣ በፒኙዶና በዲማ መጠለያዎች እስከ ግንቦት 1991 ድረስ ከቆዩት መካከል ደግሞ አማርኛ የሚችሉ አሉ። እንግሊዝኛ በ2011 ነጻ የወጣችው የደቡብ ሱዳን የሥራ ቋንቋ ይሁን እንጂ ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያግባባው የጁባ አረብኛ ነው። በአንድ ሰፈር አንድ ፊልም አምስት ዓይነት ጆሮ ይጠብቀዋል።

ዲስኩ ከመታየቱ በፊት መብራት ያስፈልጋል። የጁባ የኤሌክትሪክ መስመር ለረጅም ጊዜ ጥቂት ሰፈሮችን ብቻ ያዳርስ ስለነበር ከተማዋ የኖረችው በጀነሬተር ነው። ኢዝራ የተባለው ኩባንያ የሠራው 33 ሜጋዋት የሚያመነጭ ጣቢያ የተመረቀው በኅዳር 2019 ነበር። በመብራት እጦት ምክንያት ፊልም ማየት የማኅበር ነገር ሆነ። ጀነሬተር ያለው ሰው ቴሌቪዥኑን አውጥቶ፣ በከሰል ማቅ ወይም በሸራ አጥሮ፣ ከየተመልካቹ ጥቂት ገንዘብ ይቀበላል፤ ማታ ኳስ፣ ቀን ፊልም ያሳያል። በየቤቱ ደግሞ ባትሪ ያላቸውና ስክሪን የተገጠመላቸው ትንንሽ የቻይና ማጫወቻዎች ገቡ።

ሁለተኛው እንቅፋት የክልል ቁልፍ ነበር። የፊልም ኩባንያዎች ዲቪዲ ሲወጣ ዓለምን በስድስት የሽያጭ ክልሎች ከፍለው፣ የአንዱ ክልል ዲስክ በሌላው ማጫወቻ እንዳይሠራ ቆልፈውታል። አብዛኛው አፍሪካ፣ ሱዳንና ኢትዮጵያም ጭምር፣ በ5ኛው ክልል ነው። ግብፅ በ2ኛው፣ አሜሪካ በ1ኛው ይገኛሉ። ካይሮ ኖሮ የተመለሰ ቤተሰብ ሕጋዊ ዲስኮቹን ይዞ ቢመጣ፣ ወይም አሜሪካ የሰፈረ ዘመድ ዋናውን እትም ከነተጨማሪዎቹ ቢልክ፣ ሕጉን የጠበቀ ማጫወቻ አልቀበልም ይላል። ተባዝቶ የተሸጠው ቅጂ ግን ቁልፉ የወለቀለት ስለሆነ በማንኛውም ማጫወቻ ይሠራል። ብዙ ርካሽ ማጫወቻዎችም ቁልፉን ከናካቴው አይመለከቱትም ነበር። ኩባንያዎቹ ለ5ኛው ክልል በወጉ የሚያከፋፍሉት ዲስክ በእነዚህ ከተሞች ሳይኖር ቁልፉን ማጥበቃቸው፣ ሐቀኛውን ገዢ ቀጥቶ ቀጂውን የጠቀመ ሥራ ነው።

የገበያው ዋና ዕቃ ጥርቅም ዲስክ ሆነ። ሽፋኑ በስስ ወረቀት የታተመ ሲሆን፣ አንድ ተዋናይ ወይም አንድ ዓይነት ፊልም መሠረት አድርጎ ስድስት፣ ስምንት፣ አንዳንዴም ሃያ ትንንሽ ፖስተሮች ይደረድራል። የጄት ሊ ስብስብ አለ፣ የጦርነት ስብስብ አለ፣ የናይጄሪያ የቤተሰብ ፊልሞች ስብስብ አለ። አሠራሩ ቀላል ሒሳብ ነው። አንድ ሙሉ ዲቪዲ ወደ 700 ሜጋባይት ሲጨመቅ፣ 4.7 ጊጋባይት በሚይዝ ባዶ ዲስክ ላይ ስድስት ፊልም ይገባል። ሃያ ለማስገባት ሥዕሉ ተጨፍልቆ ፊት እስኪደበዝዝ ይወርዳል። የሚጨምቀው ሰው ከዋናው ዲስክ የሚወስደው የፊልሙን አካልና አንድ የድምፅ መስመር ነው። ሜኑው፣ የዳይሬክተሩ አስተያየት፣ የተቆረጡት ትዕይንቶች፣ የሚመረጡት የግርጌ ጽሑፎች እዚህ ላይ ይወድቃሉ። ከፊልሙ ሥዕል ጋር የታተመ ጽሑፍ ከሆነ ግን የሚያወርደው የለም፤ በቻይንኛም ይሁን በአረብኛ ተለጥፎ ጁባ ድረስ ይመጣል። ሃምሳ ሰዎች የደከሙበትን የቀለምና የድምፅ ሥራ እንዲህ መጨፍለቅ ትልቅ በደል ነው። ለገዢው ግን ጥርቅሙ ራሱ ተጨማሪ ነበር። በአንድ ዲስክ ዋጋ የሳምንት ማምሻ ያገኛል፤ የጀነሬተር ነዳጅ ለሚገዛ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የታተመው ጽሑፍ ቢመጣም የሚያነበው ሁሉም አልነበረም። በነጻነት ዋዜማ በተካሄዱ ቆጠራና ጥናቶች መሠረት በደቡብ ሱዳን ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በላይ ከሆኑት ማንበብና መጻፍ የሚችሉት 27 በመቶ ነበሩ። ለቀረው ሕዝብ ሊረዳ የሚችለው የሚነገር ትርጉም ነው፤ ይህን ይዞ የመጣው ደግሞ የካምፓላ ተርጓሚ ነው። በኡጋንዳ «ቪጄ» የሚባሉት ተርጓሚዎች ሥራቸውን የጀመሩት በቪዲዮ አዳራሾች ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ቪጄው ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ማይክሮፎን ይዞ፣ በፊቱ ትንሽ የድምፅ መቀላቀያ አስቀምጦ ይሠራል። ተዋናዩ ሊናገር ሲል አንድ እጁ የፊልሙን ድምፅ ዝቅ ያደርጋል፤ ንግግሩን በአንድ አፍታ በሉጋንዳ ያቀርባል፤ ጥይቱ ሲጀምር ድምፁን መልሶ ይለቀዋል። ቃል በቃል አይተረጉምም። የሆሊዉዱን ጀግና የሰፈር ስም ያወጣለታል፤ የሚሸሸው መኪና በካምፓላ መንገዶች የሚሄድ ያስመስለዋል፤ ፊልሙ ሲሰለች የራሱን ጨዋታ ያስገባል። እንደ ቪጄ ጂንጎ ያሉት ስማቸው ከተዋናዮቹ እኩል ታወቀ፤ ሰው «የጂንጎን አምጣ» ብሎ ይገዛል።

ይህ ሙያ ከባዶ አልተነሣም። እንግሊዞች በ1939 ያቋቋሙት የቅኝ ግዛት የፊልም ክፍል በመኪና እየዞረ ለገጠሩ ፊልም ሲያሳይ የአካባቢው ተወላጅ በማይክሮፎን ያስረዳ ነበር። በሱዳንም ኋላ የአገሪቱ የሲኒማ አባት የሆነው ጋዳላ ጉባራ በተንቀሳቃሽ ሲኒማ ሠርቷል። የቪጄው አዲስ ነገር ያን ድምፅ ዲስክ ላይ መቅዳቱ ነው። ሉጋንዳው ለኡጋንዳ ነጋዴዎችና እዚያ ላደጉ ስደተኞች፣ በሰሜን ኡጋንዳ የሚሠራው የሉኦ ትርጉም ለአቾሊ ተናጋሪዎች፣ የኬንያው ዲጄ አፍሮ የስዋሂሊ ትርክት ለካኩማ ልጆች ሆኖ የቪጄ ዲስክ በኒሙሌ መንገድ ገባ። ከሙያው አንጻር ሲታይ የሮናልድ ሄቨርና የቪጄ ጂንጎ ሥራ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። ሁለቱም ፊልሙ እየሄደ ከጎኑ ይናገራሉ፤ ሁለቱም ተመልካቹ ያላየውን ያሳያሉ። የሚለያዩት በአቀማመጥ ነው። የሄቨር ድምፅ በተለየ መስመር ስለተቀመጠ ሲቀዳ ይጠፋል። የቪጄው ከፊልሙ ድምፅ ጋር ስለተቀላቀለ ማንም ሊያወጣው አይችልም።

ይህ ልዩነት ምን ያህል እንደሚከብድ በካምፓላ ዳር በዋካሊጋ ሰፈር የሚሠራው የአይዛክ ናብዋና ፊልም ያሳያል። «ካፒቴን አሌክስን ማን ገደለው?» በ2010 በጥቂት ገንዘብ፣ በሰፈር ልጆችና ከቁርጥራጭ ብረት በተሠሩ መሣሪያዎች ተቀረጸ። ተዋናዮቹ ራሳቸው ዲስኩን ተሸክመው ቤት ለቤት ሸጡ፤ ቀጂዎቹ ሳይቀድሙ በቀናት ውስጥ መሸጥ ነበረባቸው። ናብዋና ለሚቀጥለው ሥራ ቦታ ለማግኘት የኮምፒዩተሩን ማኅደር ስላጸዳ ያለ ተርጓሚ ድምፅ የነበረው ዋናው ቅጂ ጠፋ። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ፊልም ቪጄ ኤሚ ከላይ የሚናገርበት ነው። በአሜሪካ በብሉሬይ ሲታተምም የወጣው ይኸው ነው። እዚህ ላይ ተጨማሪው የፊልሙ አካል ሆኖ ፊልሙን አተረፈው።

ከአዲስ አበባ የመጣው መንገድ ጠባብ ነበር። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በቪዲዮ የሚቀረጹ የአማርኛ ፊልሞች፣ ከነ«ቀዝቃዛ ወላፈን» እና «ጉዲፈቻ» አንሥቶ፣ ሲኒማ ቤት ሞልተው ከታዩ በኋላ በቪሲዲ ይወጡ ነበር። አዘጋጆቹ ቅጂን ስለሚፈሩ ዲስኩን ያዘገዩታል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 በ2004 ቢወጣም በየመንገዱ የሚሸጠውን ቅጂ ሊያቆመው አልቻለም። ዲስኩ ሲወጣ ከፊልሙ ሌላ የሚይዘው በአብዛኛው የሌላ ፊልም ማስታወቂያና የስፖንሰር ምስል ነበር፤ ይህ ደግሞ ተጨማሪ ይዘት ሊባል አይገባም፤ ለሻጩ የተቀመጠ ነገር ነው። ከፊልሙ ይልቅ የሙዚቃ ክሊፕ ስብስብና የኮሜዲ ቪሲዲ ይበልጥ ይጓዝ ነበር። ጁባ ያሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ዋነኛ ተመልካቾች ነበሩ፤ በጋምቤላ መጠለያዎች ያደጉ ደቡብ ሱዳናውያንም የአማርኛ ዘፈን ይወዳሉ። ለእነዚህ ሰዎች በጁባ አረብኛ ወይም በእንግሊዝኛ የሚመረጥ የግርጌ ጽሑፍ ቢኖር የአማርኛ ፊልም ገበያ ከሆቴሉ ግቢ ወጥቶ ወደ ሰፈሩ ይገባ ነበር። ዲቪዲው ለዚህ 32 ቦታ አዘጋጅቶ ነበር፤ የተጠቀመበት ግን ጥቂት ነው።

ጁባ የራሷን ፊልም ስትሠራ ግን ትርጉም አላስፈለገም። በካኩማ መጠለያ የተሰባሰቡት የዎዬ ፊልምና ቴአትር ልጆች ወደ አገራቸው ተመልሰው በነጻነቱ ዓመት አካባቢ «ጀሚላ»ን በጁባ አረብኛ አዘጋጁ፤ ከአገሪቱ የመጀመሪያ ረጅም ፊልሞች አንዱ ነው። በ1976 የተመሠረተው የኛኩሮን የባህል ማዕከል ለከተማዋ የቴአትርና የፊልም ሰዎች ዋና መድረክ ሆኖ ቆይቷል። በ2016 ደግሞ የጁባ ፊልም ፌስቲቫል ተጀመረ። ከመጋረጃ ጀርባ የሚቀረጽ ሥራ ዋጋ ያለው እንዲህ ላለ ፊልም ነው። ትምህርት ቤት በሌለበት ሙያ መብራቱ በምን እንደተያዘ፣ ድምፁ በጀነሬተር ጫጫታ መሃል እንዴት እንደተቀዳ የሚያሳይ ሃያ ደቂቃ ለቀጣዩ ወጣት ባለሙያ መማሪያ መጽሐፍ ይሆነዋል። የሆሊዉድ ዲስኮች እርስ በርስ የመሞጋገስ ቃለ መጠይቅ የሚያጭቁበትን ቦታ የሚያህል በቂ ነበር።

የዲስኩ ዘመን አጭር ሆነ። በታኅሣሥ 2013 በጁባ ጦርነት ተቀሰቀሰ። በታኅሣሥ 2015 የደቡብ ሱዳን ፓውንድ ምንዛሪ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ2.96 ወደ 18.5 ፓውንድ ያህል ዘለለ። ባዶ ዲስኩም፣ ማጫወቻውም፣ ነዳጁም ከውጭ የሚገባ በመሆኑ ንግዱ ወዲያው ታነቀ። በሐምሌ 2016 ውጊያው እንደገና ሲነሣ ሱቆች ተዘረፉ፤ የኡጋንዳ ጦር በመኪና ጓዝ ዜጎቹን በኒሙሌ መንገድ አወጣ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ዋጋ ከዓመት በፊት ከነበረው በ835.7 በመቶ ከፍ ብሎ ተመዘገበ። ሙቀቱም ለዲስኩ አላዘነለትም። በቤት ውስጥ የሚቀዳ ዲስክ መረጃውን የሚይዘው በስስ የቀለም ንብርብር ላይ ሲሆን፣ ፀሐይና ሙቀት ያን ቀለም ያደበዝዙታል። በጁባ ደረቅ ወራት ከ35 ዲግሪ በላይ በሚወጣ ሙቀት ውስጥ በጠረጴዛ ላይ የሚሰጣ ሲዲ ዕድሜው አጭር ነው።

ቦታውን የያዘው የስልክ ሚሞሪ ካርድ ነው። ስልክ ቻርጅ የሚያደርገው ልጅ ኮምፒዩተሩን ከፍቶ ዘፈንና ፊልም ይጭናል። በ2020 ወደ ጁባ የገባው የመጀመሪያው የፋይበር መስመር ደግሞ ኢንተርኔቱን አፋጠነው። የዛሬ የቪዲዮ ፋይል ብዙ የድምፅ መስመርና ብዙ የግርጌ ጽሑፍ መያዝ ይችላል። የሚጫነው ግን ካርዱን እንዳይሞላ አንድ ሥዕልና አንድ ድምፅ ብቻ ያለው ትንሽ ፋይል ነው። ስለዚህ በዚህ ዘመንም የዳይሬክተሩ አስተያየት ጁባ አይደርስም፤ የቪጄው ድምፅ ግን ከፊልሙ ጋር ተዋሕዶ ከዲስክ ወደ ካርድ ተሻግሯል። ለጁባ ተመልካች የግርጌ ጽሑፍ ወይም ማብራሪያ ማድረስ የሚፈልግ የፊልም ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባም ይሁን ከካምፓላ፣ ከሚመረጠው መስመር ይልቅ የተለየ ቅጂ አዘጋጅቶ ጽሑፉን ሥዕሉ ላይ ማተም፣ ድምፁንም ከድምፁ ጋር መቀላቀል ይኖርበታል።